አውራ ጣቴን የጠረግሁበት ክረምት

የልጄ ልጅ ሰላም ሕግ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ለዕረፍት መጥታ፣ ሐረር አቦከር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነጭ ሽንኩርት ስንልጥ፣ በሩቅ አገር በአንድ ሰው ነፍስ ላይ የሚወስኑት አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች መሆናቸውን ነገረችኝ። ሾፌር፣ አስተማሪ፣ ዳቦ ሻጭ፣ ከመንገድ የተጠራ ሰው ሁሉ።

«ዳኛስ የላቸውም?» አልኳት።

«አለ። ሕጉን ይነግራቸዋል። ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ግን እነሱ ናቸው። አንዳንድ ቦታ ይሙት አይሙት የሚሉትም እነሱ ናቸው።»

«ሁሉም መስማማት አለባቸው?»

«አብዛኛውን ጊዜ አዎ።»

«ከመካከላቸው ተከሳሹን የሚያውቅ ሰው ቢኖርስ?»

«አይቀመጥማ፣ እማዬ! የሚፈለገው ባዕድ ነው።»

ቢላዋውን አስቀምጬ ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። «እኔም እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጬ አውቃለሁ» አልኳት። «እኛ አምስት ነበርን። ባዕድ ግን አልነበረንም።» አላመነችኝም። እኔን የምታውቀኝ ከባጃጅ ነጂ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ነገሩን ከጀመርኩላት በኋላ ግን ሽንኩርቱን ረሳችው፤ ስጨርስም «ጻፊው» አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የተዳርኩ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ግን ይበቃል።

ያኔ የምንኖረው ጀጎል፣ በሐረር ግንብ ውስጥ ነበር። ሌላው ክርስቲያን አብዛኛው ከግንቡ ውጭ ሲኖር፣ የእኛ ቤት ከአያቶቼ ጊዜ ጀምሮ ከውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በማያልፍበት ቀጭን መንገድ ላይ። ግድግዳችን ከጎረቤታችን ከዩስፍ ግድግዳ ጋር አንድ ነው። ዩስፍ መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። እዚያ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ግራና ቀኝ ይደረደራሉ፤ ድምፁ እንደ ዝናብ ነው። ጨርቁን ከሱቁ ትገዣለሽ፣ ዞር ብለሽ ለሰፊው ትሰጫለሽ፣ ፈረስ መጋላ ወርደሽ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ሳንቡሳ በአሥር ሳንቲም ቀምሰሽ ስትመለሺ ቀሚስሽ ደርሷል። ሱሪ ማሰፋት ሦስት ብር ነበር። አሁን በሦስት ብር ቁልፍም አይተከል።

ዩስፍ ጥሩ ሰፊ ነበር፤ ጠላቴ ቢሆንም እውነቱን ልናገር። ጎረምሶቹ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ከታች መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም በሚለብሱበት ጊዜ የእሱን ያህል አስፍቶ፣ የእሱን ያህል አስተካክሎ የሚያወርደው አልነበረም። ከዚያ አብዮቱ መጣና ሁሉም ካኪ ለበሰ። «አቦ፣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሱሪ ከለበሰ እኔ ለምን ዓይን ተሰጠኝ?» ይል ነበር። እሱ ደግሞ ዝቅ አድርጎ መናገር አያውቅም። እኛን ሴቶቹን ግን ካኪ ሊያለብሱን አልቻሉም፤ የሐረር ሴት ለሰልፍ ስትጠራም ሽቲ የምንለውን ስስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከጅጅጋ የመጣ ሐር የመሰለ ሻሽ አስራ፣ ሽቶዋን ተቀብታ ነው የምትወጣው። መፈክሩን እየጮኸች ጎን ለጎን የሰርግ ወሬ ታወራለች። እኔ ራሴ አንዲት አረንጓዴ ሽቲ ነበረችኝ፤ ዛሬም ብትገኝ እለብሳታለሁ።

ከዩስፍ ጋር የተጣላነው በአሸንዳ ነው። የእሱ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ የዝናቡ ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ ደግሞ ወደ እኔ ግቢ የዞረ ነው። እኔ የምተዳደረው በርበሬ ሸጬ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ በርበሬዬን አሰጣለሁ፤ የዩስፍ ጣሪያ ግን ሌላው ዝናቡን ከረሳው በኋላም ጠብ ጠብ ማለቱን አይተውም። ሦስት ክረምት ለመንኩት። «አባቴ ያስቀመጠው ነው፣ አይነካም» አለ። በአራተኛው ቀበሌ ከሰስኩት። በጉባኤ መሐል «ውሃህ እንኳ የሰው ግቢ ይገባል!» ብዬ ሰደብኩት፤ እሱም «የአንቺ ምላስ የማይገባበት ቤት የታለ?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። ሚስቱ ዘይቱና ብቻ እሱ ሳያይ ከግድግዳው በላይ ጎመን ታቀብለኛለች፣ እኔም ሎሚ አቀብላታለሁ።

ያ ጊዜ ክፉ ጊዜ ነበር፤ የሁሉም ሰው ቤት ስለሚያውቀው አላብራራውም። በአንዱ ክረምት መግቢያ ላይ ከቀበሌው ጥበቃዎች አንዱ ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከቡዳ በር ውጭ ሞቶ ተገኘ። ሶፊ ከሚባለው ገጠር የመጣ፣ ገና ሱሪ መልበስ የለመደ ወጣት ነበር። በእጁ ቁራጭ ጨርቅ ጨብጧል። ጨርቁ የዩስፍ ነው ተባለ። እርግጥ ነው የዩስፍ ነው፤ ግን ያንን ጨርቅ ለብሶ የሚሄደው ግማሽ ጀጎል ነበር፣ የሰፋላቸው እሱ ነዋ። ክፋቱ ሌላ ነው። ልጁ ከመሞቱ ከሳምንት በፊት ከዩስፍ ጋር በሰዓት እላፊ ተጣልተው፣ ዩስፍ «ቀን ይጥልሃል!» ሲለው ሰው ሰምቷል። ልጁ የሞተ ለት ደግሞ ዩስፍ ቤቱ አላደረም፤ የት ነበርክ ሲሉት «አልናገርም» አለ። ያዙት።

አንድ ነገር ደብቄ ፍትሐዊ ነኝ ማለት አልችልም። ዩስፍ ታሰረ ሲሉኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ስብሰባ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ተመርጬ ነበር። ሸንጎው አምስት ሰው ነው፤ ከአምስቱ አንዷ ሴት መሆን አለባት፤ ሴቶቹም «ክርክር የማይሰለቻት እሷ ናት» ብለው እኔን ገፉኝ። እስከዚያ ያየነው የድንበርና የስድብ ጉዳይ ነው። አሁን ግን ካድሬው ከበላይ ትእዛዝ ይዞ መጣ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ከሌላ አገር የተመደበ ወጣት ነበር፤ ወረቀት ይወዳል። «ፍርዱን ሕዝቡ ራሱ ይስጥ» አለ። አምስታችን በአንድ ቃል «እርምጃ ይወሰድበት» ብለን የአውራ ጣታችንን አሻራ እናሳርፋለን፤ ወረቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል። እርምጃ ማለት ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። አንድ አሻራ ከጎደለ ግን ወረቀቱ አይሄድም።

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ ውጭ ዶፍ ይወርዳል። የሸንጎው ሰብሳቢ ጋሽ መኮንን፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ክሱን አነበቡ። ሌሎቹ ሦስቱ ተራ በተራ አተሙ፤ ጋሽ መኮንን የመጨረሻው ሊሆኑ፣ እኔ አራተኛ። ካድሬው የቀለሙን ዕቃ ገፋ አደረገልኝ። አውራ ጣቴን ነከርኩ። በዚያች ቅጽበት ዝናቡን እየሰማሁ ልቤ ምን አለኝ? «ከእንግዲህ ያ አሸንዳ ይዞራል» አለኝ።

ደነገጥኩ። ጣቴን እንዳነሣሁ ቀረሁ። ሰውየው ይግደል አይግደል አላሰብኩም፤ ስለ ሟቹም አላሰብኩም። ጣቴ ሊፈርድ የነበረው ለበርበሬዬ ነው። ሻሼን ፈትቼ ቀለሙን ጠረግሁና ተነሣሁ።

«ወዴት ነው፣ ጓድ አስካለ?» አለ ካድሬው።

«እኔ ለዚህ ሰው ዳኛ አልሆንም።»

«ንጹሕ ነው ነው የምትዪው?»

«እሱን አላውቅም። እኔ ጠላቱ ነኝ። በዚሁ ቤት ከስሼዋለሁ፣ መዝገቡ አለ። ጠላት ዳኛ ሆኖ የሚቀመጥበት አገር አላየሁም።»

«ጠላቱ ስለሆንሽ እኮ...» አለና አቋረጠው። ሊል የነበረው ገብቶኛል። ጠላቱ ስለሆንሽ ቶሎ ታትሚያለሽ ነው። ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልክ ናት ጓድ። ድሮም ተከራካሪ ‹ይህ ዳኛ ጠላቴ ነው ይነሣልኝ› ሲል ይነሣ ነበር። ራሱ ዳኛው ካለማ...» አሉ። እሳቸውም የቀለሙን ዕቃ ከፊታቸው ቀስ አድርገው ወደ ጎን አሸሹት።

ሌላ ሴት ለመምረጥ ጠቅላላ ስብሰባ መጥራት ያስፈልጋል፤ በዚያ ዝናብ ማን ይመጣል? ካድሬው ትንሽ አሰበና መላ አገኘ። «ችግሩ ጠብ ከሆነ ታረቁ። ስትታረቂ ጠላት አይደለሽም። ከዚያ ትፈርጃለሽ።» በዕድሜዬ ብዙ ዕርቅ አይቻለሁ፤ ሰውየው እንዲገደል የተባለ ዕርቅ ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። እኔም እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ካድሬው ያላወቀው የእኛን አገር ዕርቅ ነው። እሱ እጅ ለእጅ ተጨባብጦ የሚያልቅ መስሎታል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በዳይና ተበዳይ ከሥር ጀምሮ ይናገራል፤ ያልተነገረ ቂም ካለ ዕርቁ ዕርቅ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ላይ ይበላል። ሽማግሌ የሆኑት ሐጂ ኑር ነበሩ፤ ሁለታችንም የምንፈራቸው፣ ሠፈሩን ሁሉ በምርኩዛቸው የሚያስታርቁ ሰው። ዩስፍን በሁለት ጠብመንጃ መሐል አመጡት። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። ለዕርቁ እግሩን ፈቱለት።

እኔ የሦስት ክረምቴን ተናገርኩ። ሐጂ «ዩስፍ፣ ምን ትላለህ? አሸንዳውን አዙረህ ይቅርታ ትጠይቃለህ?» አሉት።

«አልጠይቅም» አለ።

ጭራሽ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«አሸንዳው የአባቴ ነው። ሲያስቀምጠው የእሷ አባት ቆመው አይተዋል፤ ያኔ ምንም አላሉም። በሰው ፊት ልብስ ሰፊን ሌባ ያስመሰለችው እሷ ናት። እሷ ትጠይቅ!»

«ሱብሃነላህ! አንተ ሰውዬ፣ የተያዘችው እኮ ነፍስህ ናት!» አሉ ሐጂ።

«ነፍሴ የአላህ ናት። አሸንዳው የእኔ ነው።»

እኔም ተቆጣሁ፤ «ይኸው! ይሄን እኮ ነው ሦስት ክረምት የቻልኩት!» አልኩ። እሱም መለሰ፣ እኔም መለስኩ፤ ጠባቂዎቹ ጠብመንጃቸውን ተደግፈው ይስቃሉ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ሰውየውን ወደድኩት። በአንዲት የውሸት ይቅርታ ልቤን ሊያራራ ይችል ነበር። አላደረገውም።

ሐጂ ለሌላ ቀን ቀጠሩ። በሁለተኛውም አልሆነም። በሦስተኛው፣ አሸንዳው ባለበት እንዲቆይ፣ ከሥሩ ግን ውሃውን ወደ መንገድ የሚያወጣ የድንጋይ ቦይ እንዲሠራ ተስማማን፤ ድንጋዩ ከእሱ፣ ጉልበቱ ከልጆቼ። ለስድቡ እኔ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ስለ ምላሴ ለተናገረው እሱ ጠየቀ። ዘይቱና ከበሩ ሥር ቆማ ታለቅሳለች። ካድሬው ወረቀቱን አወጣ። «ጨርሳችኋል?»

«አብረው ሳይበሉ?» አሉ ሐጂ።

«ይብሉ፤ አሁኑኑ!»

«አሁን እሷ ፍልሰታ ላይ ናት። እሱም ከትናንት ጀምሮ ረመዳን ይዟል። እሷ ስትበላ እሱ ይጾማል፣ እሱ ሲያፈጥር የወተትና የሥጋው ነገር ለእሷ አይሆንም።» ሐጂ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሰማዩን አዩ። «ጾሙን ማን ይሰብረዋል? አብዮቱ የሃይማኖት እኩልነት አውጇል አላላችሁንም?»

ካድሬው መነጽሩን ጠረገ። ፍልሰታ ወጣ፤ ረመዳን ቀረ፤ የዕርቅ ማዕድ ደግሞ በቀን እንጂ በሌሊት አይበላም አሉ ሐጂ። እንቁጣጣሽ አለፈ፤ ዒድ ሆነ። ካድሬው በማግስቱ ሲመጣ ሐጂ «ጥሩ ሙስሊም ከዒድ በኋላ ስድስት ቀን ሸዋል ይጾማል፤ ዩስፍ ደግሞ ነይቷል» አሉት። ዩስፍ ከዚያ በፊት ሸዋልን ጾሞ እንደሚያውቅ እርግጠኛ አይደለሁም። ሐረር ግን ከዒዱ ይልቅ ስድስቱ ቀን ሲያልቅ ለሚከበረው ለሸዋል ዒድ ነው የምትደምቀው፤ ልጃገረዶቹ ተኩለው፣ ከበሮው እየተመታ፣ ሴቶቹ በእጃቸው የያዙትን እንጨት እያጋጩ ሲዘፍኑ ቀጭኑ መንገድ ሁሉ ያስተጋባል። በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ ዘፈኑ አልቀረም። ዛሬ በድምፅ ማጉያ ነው፤ ይጮኻል እንጂ እንደዚያ አያስተጋባም።

በመሐሉ የሟቹ እናት መጣች። ሶፊ የምትኖር፣ ጫት ይዛ ገበያ የምትወጣ ገበሬ ናት። በርበሬ ከምሸጥበት ፊት ለፊት መጥታ ቆመች። የምፈራው ይህን ነበር። ሌላውን ሁሉ መመለስ እችላለሁ፣ እሷን ግን ምን ብዬ?

«ዳኛዋ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ልጄን የገደለው እሱ ነው?»

«አላውቅም፣ እህቴ።»

«እኔም አላውቅም። እነሱ እናውቃለን ይላሉ።» ነጠላዋን አጠበቀች። «ቢገድሉት ዘመዶቹ የሚያዩት እነሱን አይደለም። እነሱ ነገ ይሄዳሉ። በዚህ ገበያ በየቀኑ የሚያዩት እኔን ነው። እርግጠኛ ከሆንሽ ፍረጂ። ካልሆንሽ በልጄ ስም አትፍረጂ።» ከዚያ በርበሬ ገዛችኝ። አልከፍልም ብትል ደስ ባለኝ፤ ግን ከፈለች።

የሸዋል ዒድ ማግስት፣ ቅዳሜ ቀን፣ እዚያው አዳራሽ ከዩስፍ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሥጋ እንደማንካፈል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ዘይቱና ትኩስ ዳቦና ሆጃ አመጣች፤ ሆጃ የቡና ቅጠል ከወተት ጋር የሚፈላ የሐረር መጠጥ ነው፣ ሁለታችንንም አያጣላም። ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ፣ እኔም ቆርሼ ሰጠሁት። እጁ መርፌ የወጋው ጠባሳ ሞልቶበታል። «ቦዩ ተሠራ?» አለኝ። «ተሠራ። ድንጋይህ ግን መናኛ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ከታሰረ ወዲህ መጀመሪያው ይመስለኛል።

ካድሬው ሳህኑ ሳይነሣ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ቀለሙን ከፈተ።

«አሁን ጠላት የለም። አትሚ።»

«አሁንማ ጭራሽ አይሆንም፣ ጓድ።»

«ምን?»

«አብሬው በላሁ። ወዳጄ ነው። ወዳጅ ዳኛ ይሆናል?»

ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «ጠላት ነኝ ብለሽ አልፈርድም አልሽ! አሁን ወዳጅ ነኝ ብለሽ አልፈርድም ትያለሽ! መቼ ነው የምትፈርጂው?»

እውነት ልበል፣ ቀድሜ ያሰብኩት ተንኮል አልነበረም። እዚያው ቆሜ ነው የታየኝ። «የማላውቀው ሰው አምጣልኝ፣ እፈርዳለሁ» አልኩት።

«በጀጎል ውስጥ አንቺ የማታውቂው ማን አለ?»

ራሱ የተናገረውን ራሱ ሲሰማው አየሁት። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኔም ብሆን፣ ጓድ፣ የለበስኩትን ሱሪ የሰፋልኝ እሱ ነው» አሉና ተነሡ። ያተሙት ሦስቱ ወደ መሬት ያዩ ነበር። ልጆቼን አሰብኩ፤ ለዚህ የሚመጣውን ቅጣት አሰብኩ። ካድሬው ግን ቀስ ብሎ ቀለሙን ከደነው። ዛሬ ሳስበው እሱም ያን ሁሉ ጾም ቆሞ የጠበቀው ሞኝ ሆኖ አይመስለኝም። ወረቀት ስለሚወድ ብቻም አይደለም። እሱም የሰው ነፍስ አትንካ ያለችው እናት ሳትኖረው አትቀርም።

«ሸንጎው አልተሟላም» ብሎ ጻፈ። ፋይሉ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሄደ፤ እዚያ መደርደሪያ ላይ ሲንከባለል ኖረ። ዩስፍ አራት ዓመት ታሰረና ማስረጃ የለም ተብሎ ወጣ። ካድሬው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። እኔን ማንም አልነካኝም፤ ከሸንጎው ግን በሚቀጥለው ምርጫ አወረዱኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።

«ታዲያ ገዳይ ለቀሽ ይሆናል እኮ!» አለችኝ ሰላም። ልክ ናት፤ ይሆናል። ንጹሕም አድኜ ይሆናል። ሰላም ያለቻቸው አሥራ ሁለቱ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ ባዕድ መሆን ማወቅ አይደለም። እኔ የማውቀው ያን ክረምት ጣቴ ምን ሊያደርግ እንደነበር ነው።

ዩስፍ ከወጣ በሳምንቱ ሊያየኝ መጣ። ደጃፌ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠ። ሸብቷል። መኪናው ዝጓል፤ ጎረምሶቹ ደግሞ ቤልቦተሙንም ካኪውንም ትተው ቀጭን ሱሪ ጀምረዋል፣ እንደገና መልመድ አለበት። ስለዚህም ስለዚያም ስናወራ ቆየንና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዩስፍ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አስካለ፣ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም። የዚያን ለት የት እንደነበርኩ ልንገርሽ?»

መፈለጉንስ ፈልጌ ነበር። የሟቹ እናት በዓይኔ መጣችብኝ፣ ዘይቱናም ከግድግዳው ወዲያ ድምጿ ይሰማኛል። ሁለቱንም እያሰብኩ ፊቱን አየሁት።

«አትንገረኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ከነገርከኝ ዳኛ ታደርገኛለህ። እኔ ጎረቤትህ ነኝ።»

«ወላሂ፣ አንቺ ሴት!» አለና ራሱን እየነቀነቀ ተነሥቶ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ኖርን፤ በብዙ ነገር ተጣልተናል፣ እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።